በፊልም ላይማ ይጋቡ

ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሸራው ያዞራል፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ የከፈለውም ለዚሁ ነው። መቀስ ግን ጀርባዋን ለሸራው ሰጥታ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ባኖረቻት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ታያለች። እብድ አይደለችም። ሥራዋ ፊልም ኤዲት ማድረግ ነው፤ ትርፉን ቆርጣ የምትጥለው፣ የቀረውን የምትገጣጥመው እሷ ናት፤ ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ። አንድ ፊልም ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ሲታይ፣ ተመልካቹ የት ጋ እንደሳቀ፣ የት ጋ እንዳዛጋ፣ የት ጋ ስልኩን እንዳወጣ ከፊቱ ታነባለች። «ሰው በአፉ ይዋሻል፤ ጨለማ ውስጥ ግን ፊቱ አይዋሽም» ትላለች። ይቺን አባባል ከየት እንዳመጣቻት አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ሠርታላታለች። ጉድ የሠራቻት ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ፊልሙ የፍቅር ኮሜዲ ነው። አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ እሷ የአንዱ ሃይማኖት፣ እሱ የሌላው። አድገው ይፋቀራሉ፣ ጎረቤት ያጣላቸዋል፣ ጓደኛ ያስታርቃቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ይጋባሉ። በመሃል ደግሞ አንድ ሰው ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ፕሮዲዩሰሩ «ኩሬ የሌለበት ኮሜዲ አይሸጥም» ብሎ አዟል። ማን የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ እዚህ አይነገርም። ቢነገር አንባቢ ወዲያው ወገን ይይዛል፤ ወገን የያዘ ሰው ደግሞ መሳቁን ትቶ መቁጠር ይጀምራል።

ለመቀስ ግን ፊልሙ ፊልም ብቻ አልነበረም። የፊልሙን ድምፅ የሠራው፣ ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ «ጓደኛዬ» ስትለው የኖረችው ሰው ነው። ጓደኛስ ጓደኛዋ ነው። ነገር ግን ከጓደኛ ጋር ተሁኖ የሚከራይ ቤት አይፈለግም፣ የመጋረጃ ቀለምም አይመረጥም። እነሱ ሁለቱንም አድርገዋል። መጋረጃው ተገዝቷል፤ ቤቱም ተገኝቷል፤ ሁለት ሰዎች ሳይሰሙ ግን አይገባበትም። አንደኛዋ የእሷ እናት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች። ሁለተኛው የእሱ አባት ነው፤ መኪና መንዳት ሲያስተምር ዕድሜውን የፈጀ፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከልጁ በቀር ማንም የሌለው። ሰፈሩ ሁሉ የጠረጠረውን ነገር ሁለቱ ብቻ አልሰሙም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ እናትየዋ ልጁን ታውቀዋለች። ሥራ ባመሹ ቀን መቀስን እስከ በር አድርሷት ይመለሳል። «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ትላለች ሁልጊዜ። «ምነው ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ አንድ በተገኘ!» መቀስ ይህን በሰማች ቁጥር የምትገባበት ታጣለች።

«ፊልሙ አማላጃችን ይሁን» አለችው አንድ ቀን፣ ኤዲት ክፍሉ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የኩሬውን ውሃ ድምፅ ሲያስተካክሉ። «ሁለቱንም እንጥራቸው። ከሳቁ በዚያው ቀን እንነግራቸዋለን።»

«ካልሳቁስ?»

«ካልሳቁ ፊልሙን እናሻሽለዋለን።»

ጆሮ «እነሱንስ ማን ያሻሽልልናል?» ሊል አስቦ ተወው። በምልክት ተስማሙ፤ እሷ ከፊት ሆና ፊታቸውን አንብባ ነገሩ ካማረላት ጆሮዋን ትነካለች፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ ቆሞ ያያታል።

ቀኑ ደረሰና ወላጆቹን በጥንቃቄ አራርቀው አስቀመጧቸው። እናትየዋ በቀኝ በኩል በሩ አጠገብ፣ አባትየው በግራ ከኋላ። በመካከላቸው አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ነገር ግን እናትየዋ «ይሄ ማራገቢያ አንገቴን ሊያደርቀው ነው» ብላ ተነሣች። አባትየውም ከፊቱ የቁም ሳጥን የሚያህል ሰውዬ ስለተቀመጠበት ተነሣ። ሁለቱም «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ በሰው እግር ላይ ተረማምደው፣ መሃል ላይ መተላለፊያው ፊት ለፊት ባዶ የቀሩትን ሁለት ወንበሮች አግኝተው ጎን ለጎን ዘጭ አሉ። መቀስ ከወንበሯ ብድግ አለች። መብራት ጠፋ።

አለባበሳቸው የማንነታቸው ማስታወቂያ ስለሆነ ወዲያው ተለያዩ፤ ማለት ሃይማኖታቸውን ለዩ። ከዚያ ያ ሰው ከሌላ ሃይማኖት ሰው አጠገብ ሲቀመጥ የሚይዘው ከልክ ያለፈ ጨዋነት ያዛቸው። «እጄ ከነካዎት ይንገሩኝ» አለ አባትየው። «ኧረ ምንም አይደል፣ እንዲያውም እኔ ነኝ ቦታ የያዝኩት» አለች እናትየዋ። በመካከላቸው ያለውን የእጅ መደገፊያ አንዱ ለአንዱ ሲለቅ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም ሳይደገፍበት ቀረ።

አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። መቀስ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ጀምራ ማንበቧን ቀጠለች። አንድ ፈንዲሻ የያዘ ወፍራም ሰውዬ ፊልሙን ለማያውቃት ጎረቤቱ ይተረጉምላታል፤ ፊልሙ በሚገባት ቋንቋ ነው፣ እሱ ግን ማን ጠይቆት። ሽቶዋ አዳራሹን የሞላው አንዲት ሴትዮ ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር «ውይ በሞትኩት!» ትላለች፤ ልጁ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅም «ውይ በሞትኩት!» ስላለች ቃሉ ለምን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ከግራ ጥግ አንድ ሰው ሲስቅ ከቀኝ ጥግ የተቀመጠው ይኮሳተራል፤ ቀልዱ ሲገለበጥ እነሱም ይገለበጣሉ። አንድ የመነጽሩ ክንድ በፕላስተር የታሰረ ሰውዬ ደግሞ በጣቶቹ ይቆጥራል። ምን እንደሚቆጥር ኋላ ታወቀ።

እናትየዋ ግን፣ እናትየዋ ግን! ከመጀመሪያው ቀልድ ጀምራ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ልጅቷ ለጓደኛዋ «እወደዋለሁ ግን ምን አደርጋለሁ» ስትል፣ እናትየዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አግቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መቀስ ዓይኗን ወደ አባትየው አዞረች። አባትየው አፉን በእጁ ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል፤ የሳቀ ይመስላል። ደግሞ ልጁና ልጅቷ ተቀራርበው ሊሳሳሙ ሲሉ ቀኝ እግሩን አንሥቶ መሬቱን ይመታል። በተቀራረቡ ቁጥር ይመታል። ከፊቱ መተላለፊያ ስለሆነ እግሩ በደንብ ይታያታል።

ሰው ሳቁ አላስችል ሲለው መሬት ይመታል፤ ይህን መቀስ ከብዙ አዳራሽ ተምራለች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ጆሮዋን ነካች። እንዲያውም ሁለቱንም ነካች።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ጭብጨባው የሚቆም አልመስል አለ። ፕሮዲዩሰሩ ማይክ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ የተመልካች አስተያየት የሚባለው ነገርም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። መጀመሪያ የተነሣው ያ መነጽሩ በፕላስተር የታሰረው ሰውዬ ነበር።

«ፊልሙ ጥሩ ነው» አለ። «ግን በእኛ ሃይማኖት ላይ የተቀለደው ይበዛል። ቆጥሬዋለሁ።»

ከወዲያኛው ጥግ አንዱ ብድግ አለ። «እኔም ቆጥሬያለሁ! የእኛ ይበልጣል።»

«በምን ሒሳብ?»

«ኩሬ ውስጥ የወደቀው የእኛ ልጅ ነው!»

«የገፋው ማን ነው? የኛ ነው! ክፉ አድርጋችሁ የሳላችሁት እኛን ነው!»

ማን የበለጠ እንደተሰደበ ለማረጋገጥ እንዲህ በወኔ ሲከራከሩ፣ ፈንዲሻ የያዘው ሰውዬ ማይኩን ተቀብሎ «ሃይማኖት የግል ነው፣ ፍቅር የጋራ ነው» ብሎ አስታረቃቸው። ትልቅ ጭብጨባ ሆነ። ባለሽቶዋ ሴትዮ አለቀሰች። ቀጥሎ ማይኩ ለእናትየዋ ደረሰ፤ ስትስቅ ሁሉም ስላያት «እማማ ይናገሩ! እማማ ይናገሩ!» ተባለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እናትየዋ ብድግ ብላ። «ጥሩ ልጆች ናቸው። ሰው ሰው ነው። ተዋደዱ፣ ተጋቡ፣ እሰይ!»

መቀስ እንባዋ መጣ። ከኋላ ጆሮ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይስቃል። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ፊልም ቢሆን እሷው ትቆርጠው ነበር። ነገር ግን አንድ የጋዜጣ ሠራተኛ ነኝ ባይ ወጣት «እማማ፣ የእርስዎ ልጅ ብታደርገውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«የማን? የኔ?» እናትየዋ ፊልሙ ላይ ከሳቀችው የበለጠ ሳቀች። «ውይ አንተ ልጅ! ይሄ እኮ ፊልም ነው። በፊልም ላይማ ይጋቡ፤ ማን ከለከላቸው? ተዋናዮች አይደሉ እንዴ? ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ቅድም ለተቃራኒው ባጨበጨበበት በዚያው እጁ። አባትየው ማይኩን በትሕትና ከእናትየዋ ተቀበለ።

«እህቴ እውነቷን ነው» አለ። «እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የማስተማሪያ መኪና በእኔም በኩል ፍሬን አለው፤ ተማሪው ገደል ሊገባ ሲል እኔ እይዘዋለሁ። ዛሬ እነዚህ ልጆች በተጠጋጉ ቁጥር እግሬ ፍሬን ሲፈልግ አለቀ! መቼም ልማድ ክፉ ነው። የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ፊልም ላይ ይሠራል እንጂ እንዲህ አይኖርም፤ ፈጣሪ ይመስገን።»

መቀስ የፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እግሩ፣ ያ መሬት ሲመታ የነበረው እግር፣ ሳቅ አልነበረም። በጨለማ ፊት አይዋሽም ያለች እሷ፣ እግር እንደሚያሳስት ማን ነገራት? ቀና ብላ ወደ ኋላ ስታይ ጆሮ ሁለት ጣቶቹን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ ያደርጋል፦ ቁረጪው፣ ይቅር፣ ዛሬ አይሆንም። ያላየች መሰለች።

መቀስና ጆሮ መግቢያው አዳራሽ ሲደርሱ ሁለቱ ወላጆች የፊልሙ ፖስተር ሥር ቆመው ስልክ ይለዋወጣሉ። ሁለት ሃይማኖት እንዲህ ሲዋደድ አይታ አታውቅም።

«ነይ ነይ!» አለቻት እናቷ። «ተዋወቂያቸው፤ ምን ያሉ መልካም ሰው ናቸው መሰለሽ! ልጄ ናት፣ ይቺን ፊልም የሠራቻት እሷ ናት።»

«አንተም ና» አለ አባትየው ጆሮን። «ልጄ ነው።»

«እንዴ! ይሄ ጨዋ ልጅ የእርስዎ ነው?» እናትየዋ እጇን በደስታ አጨበጨበች። «እኔም እኮ እንዲህ ያለ ልጅ ጨዋ ያሳደገው ነው እል ነበር! ከልጄ ጋር እኮ ጓደኛሞች ናቸው። እንዴት ደስ ይላል!»

«ጓደኝነት ትልቅ ነገር ነው» አለ አባትየው፣ እንደ ሕግ አድርጎ። «እንዲያውም ስናወራ ምን ተስማማን መሰላችሁ? እኛ ጎረቤት አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ከእናንተ ወገን ነው፣ እንዲያው ምስጉን። የልጅዎን ስልክ እሰጠዋለሁ።»

«እኔም» አለች እናትየዋ በጥድፊያ፣ ውለታው እንዳይበዛባት፣ «ዩኒፎርም የምሰፋለት ትምህርት ቤት አንዲት ጸሐፊ አለች፤ ከእናንተ ወገን ናት፣ ውበቷ አይነገርም። ለእርስዎ ልጅ የተፈጠረች ናት። አንቺ ደግሞ ሐኪሙ ነገ ይደውልልሽ፣ እሺ? ነገ እሑድ ነው።»

የሁለት ሃይማኖት ሰዎች ልጆቻቸውን ለየወገናቸው ለመዳር ተጋግዘው ሲሠሩ ከዚህ የበለጠ መቻቻል የት ይገኛል? መቀስ ፖስተሩን አየች፤ ሁለቱ ተዋናዮች ጥርሳቸውን አውጥተው ይስቃሉ። ከዚያ ጆሮን አየች። ፊቱ አመድ መስሏል። «ነገ ይደውልልሽ» የሚለው ቃል ነው ያፈነዳት። ዛሬ ዝም ካለች ነገ ስልክ ትቀበላለች፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ውሸት ትጨምራለች፣ ሰባቱ ዓመት ስምንት ይሆናል።

«እማዬ፣ የጥርስ ሐኪሙ አይደውል።»

«ለምን? ጥርስሽን አይነቅልብሽ፣ ያወራሻል እንጂ።»

«ሰው አለኝ።»

«ሰው አለሽ? አንቺ ልጅ! ማን ነው?»

የሰው ፊት ስታነብ የኖረች ሴት የእናቷን ፊት ማየት አቅቷት ወለሉን አየች። ጆሮ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ልንጋባ ነው፤ ቤትም አግኝተናል። ዛሬ ልንነግራችሁ ነው የጠራናችሁ።»

የአባትየው ቀኝ እግር ተነሥቶ ወለሉን ረገጠ። የረገጠው ፍሬን የሌለው ወለል ነው፤ ማንም አልቆመም።

በዙሪያቸው የነበረው ሕዝብ ግን ቆመ። ፈንዲሻ የያዘው ሰውዬ፣ ያ የፍቅር የጋራ መሆን ሰባኪ፣ ማኘኩን ሳያቋርጥ «ኧረ ወላጅ በአደባባይ እንዲህ አይደረግም» አለ። ባለሽቶዋ ሴትዮ «ውይ በሞትኩት» አለች፤ አሁን ለማን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ለእናትየዋ ነው። «ምነው ልጄ፣ እናትሽን ለመግደል ነው?» ቅድም ላልተፈጠረች ልጅ ያለቀሰ ዓይን ለተፈጠረችው ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ሁለቱ ቆጣሪዎች ብቻ በጉዳዩ ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መቀስ አንድ ነገር ወርውራ ሁሉንም ብትበትናቸው ወደደች፤ የሚወረወር አጣች።

እናትየዋ ግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባትየውም እዚያው ተቀመጠ፤ ከሌላው ጫፍ። ልጆቻቸው እንደ ተከሳሽ ፊታቸው ቆሙ። ሕዝቡ የሚጮህ ሲጠብቅ የሚጮህ አጣና፣ ቀስ በቀስ አዝኖ ሳይሆን ሰልችቶት ወጣ።

«እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች እናትየዋ በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እዚያ ፊልም ላይ ልጅቷ ለእናቷ ስትነግራት፣ እናትየዋ ምን አለቻት?»

«የቱ ጋ?»

«እሱን ነው የምጠይቅሽ። ልጅቷ በሩን አንኳኳች፣ እናትየዋ ከፈተች፣ ከዚያ ዘፈን መጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ እናትየዋ ሠርጉ ላይ ትጨፍራለች። በመሃሉ ምን ሆነች?»

«ተቀርጾ ነበር። ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«አያስቅም ነበር።»

«አያስቅማ» አለች እናትየዋ።

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «የልጁ አባትስ? እሱን ጭራሽ አላየሁትም።»

«ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሞቷል፣ አባዬ» አለ ጆሮ።

«በምን ሞተ?»

«ፕሮዲዩሰሩ ነው የገደለው። ሰው በዛ ብሎ።»

«እንዲያ ነው» አለ አባትየው፣ ሳይስቅ። «ገድሎ ገላገለው።»

እናትየዋ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ዛሬ ከልቤ ነው የሳቅሁት። ሰው ሰው ነው ስልም አልዋሸሁም። አንቺ ደግሞ አሁን እዚህ ቆመሽ አንድ ነገር እንድልሽ ትጠብቂያለሽ። ያችን እናት ብትተዪልኝ ኖሮ እንዴት እንደሚባል አይቼ እመጣ ነበር። ደግ ከተናገረች እኔም እንደሷ እል ነበር፤ ክፉ ከተናገረች ደግሞ በእሷ እማር ነበር። አሁን ግን ከሠርጉና ከዘፈኑ በቀር ያሳየሽኝ የለም። እኔ እዚያ አልደረስኩም፣ ልጄ። በሩን ገና መክፈቴ ነው።»

መቀስ የቆረጠችውን ትዕይንት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ደጋግማ አይታዋለች፣ ደጋግማም ሳትጨርሰው አቁማዋለች። ስላላሳቀ ነው ማለቷም ውሸት ነበር።

«ምንም አላለችም፣ እማዬ» አለች። «ተቀምጣ ዝም አለች። ረጅም ነበር። ማየት ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ጆሮ ከአባቱ ጎን ቁልቁል አይቶ ቆሟል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የወዳደቀውን ፈንዲሻ እየጠረገች እግራቸው ሥር ደርሳ፣ አይታቸው፣ በሌላ በኩል ዞረች።

«እንግዲያው እኔም ዝም ልበል» አለች እናትየዋ። «አንቺ ግን አትሂጂ።»

መቀስ አጠገቧ ተቀመጠች።